ፊልም እወዳለሁ፤ ፎቶዎቼ ግን የማንም ሊሆኑ ይችላሉ

የአዌቱ ዳር (ጅማ) | ጥቅምት 9

ሰላም ለመድረኩ አባላት። የምጽፍላችሁ ለሁለት ወር ያህል ሲከነክነኝ ስለቆየ ጉዳይ ነው። የምኖረው ጅማ ነው፤ እንጀራዬ የሠርግና የምርቃት ፎቶ ማንሳት ሲሆን ይህንንም በዲጂታል ካሜራ እሠራለሁ። ለራሴ የማነሳው ግን በፊልም ብቻ ነው። ከአጎቴ የወረስኩት ዜኒት ኢ የሚባል የፊልም ካሜራ ከነ 58 ሚሊ ሜትር ሄሊዮስ ሌንሱ አራት ዓመት አብሮኝ ኖሯል፤ በእነዚህ ዓመታት 41 ጥቅል ፊልም አንስቼበታለሁ። ብዙ አይደለም፤ ፊልሙ ውድ ነው፣ ከአዲስ አበባ የሚመጣ ሰው ካልተገኘም አይደርሰኝም።

ባለፈው ነሐሴ ዝናቡ ከቤት አላስወጣ ሲለኝ ከሥራዎቼ ሠላሳውን መረጥኩ፤ ሌሎች የፊልም ወዳጆች ካነሷቸው አሥር ፎቶዎች ጋር በእኩል መጠን አሳትሜም ወለሉ ላይ ቀላቅዬ ዘረጋኋቸው። ከዚያም ከልጅነት ጀምሮ የሚያውቀኝን ጓደኛዬን «የእኔ ያልሆኑትን አሥሩን አውጣልኝ» አልኩት። እሱም ጊዜ ወስዶ፣ አንድ በአንድ ወደ መስኮቱ እያስጠጋ አይቶ አሥር አወጣ። ካወጣቸው ውስጥ ስድስቱ የእኔ ነበሩ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የራሴን ፎቶ በሌላ ዓይን አየዋለሁ። በኮዳክ ጎልድ 200 ያነሳኋቸው ሁሉ ያንኑ ሞቅ ያለ ቢጫ ይዘዋል፤ በጥቁርና ነጩ ፊልም በኢልፎርድ ኤችፒ5 ያነሳኋቸው ሁሉ ያንኑ ቅንጣትና ያንኑ ግራጫ። ሰዎች «ደስ ይላል» ሲሉኝ የሚያመሰግኑት ፋብሪካውን እንደሆነ ይሰማኛል። ጥያቄዬ ይህ ነው፤ አንድ አንሺ የራሱ መልክ እንዲኖረው ከምን ይጀምራል? ከአንድ ፊልም ላለመውጣት ልወስን? አንድ ርዕሰ ጉዳይ ልያዝ? ወይስ መልክ የሚባለው ነገር ሳይፈልጉት የሚመጣ ነው?

---

ቀይ አምፖል | ጥቅምት 9

ልጄ፣ ጽሑፍህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በፎቶ ቤት 26 ዓመት ሠርቻለሁ፤ ከዚህም የሚበዛውን ጊዜ ያሳለፍኩት በጨለማ ክፍል ውስጥ ስለሆነ ስለ ካሜራ ከማውቀው ይልቅ ስለ ኔጋቲቭ የማውቀው ይበልጣል።

በዚያ ቤት ሦስት አንሺዎች ነበርን። ሦስታችንም የምንጠቀመው ያንኑ ካሜራ፣ ያንኑ ፊልም፣ ያንኑ መጋረጃና እነዚያኑ ሁለት መብራቶች ነበር፤ ደንበኛው የሚፈልገውም ያንኑ ጉርድ ፎቶ ነው። ሆኖም ፊልሙ ታጥቦ ገመድ ላይ ሲሰቀል፣ የማን እጅ እንደሆነ ማንም ሳይነግረኝ እለየው ነበር። አንደኛው ባልደረባዬ ደንበኛው አገጩን ቀና እንዲያደርግ ስለሚያዝ የእሱ ሰዎች ሁሉ አንገታቸው ረጅም ነው። ሁለተኛው መዝጊያውን የሚጫነው ደንበኛው «አለቀ?» ብሎ ሊጠይቅ ከንፈሩን ሲያላቅቅ ነበር፤ ስለዚህ የእሱ ሰዎች የሚናገሩት ነገር ያላቸው ይመስላሉ። የእኔዎቹ ደግሞ ትከሻቸው የወረደ ነው፤ መጀመሪያ በረጅሙ ተንፍሱ እላቸው ነበርና። ሦስታችንም የራሳችን መልክ ይኑረን ብለን አስበን አናውቅም።

የፊልሙን ውድነት እንደ ጉዳት ቆጥረኸዋል። የማሊው ፎቶ አንሺ ሴይዱ ኬይታ እ.ኤ.አ. በ1948 ባማኮ ውስጥ ስቱዲዮውን ሲከፍት ፊልምና ወረቀት ውድ ስለነበሩ ለአንድ ደንበኛ ብዙውን ጊዜ አንድ ጊዜ ብቻ ነበር የሚያነሳው። የሚያነሳው በግቢው በቀን ብርሃን ሲሆን፣ የመጀመሪያ መጋረጃው የገዛ አልጋ ልብሱ ነበር። መጋረጃውን በየሁለት ሦስት ዓመቱ ይቀይር ስለነበር ኋላ ላይ ፎቶዎቹ የተነሱበትን ዘመን የሚለየው በመጋረጃው ነው። ዛሬ ዓለም የእሱ ብሎ የሚያውቀው መልክ ከዚያ ግቢ፣ ከዚያ ጨርቅና ከዚያች አንዲት ዕድል የወጣ ነው። አንዲት ዕድል ብቻ ያለው ሰው ደንበኛውን ከማንሳቱ በፊት እጁን፣ አንገቱን፣ ጨርቁን አስተካክሎ መጨረስ አለበት።

አሁን ወደ ካሜራህ ልምጣ። ዜኒት ኢ በመመልከቻው የሚያሳይህ ስፋት 20 በ28 ሚሊ ሜትር ነው፤ ፊልሙ ላይ የሚያርፈው ግን 24 በ36 ነው። ይህ ማለት ከሚነሳው ውስጥ የምታየው ሁለት ሦስተኛውን ያህል ብቻ ነው። አንተ ሳትጠራው ጠርዝ ላይ የገባ ግማሽ ባጃጅ፣ የተቆረጠ ክንድ፣ ባዶ ግድግዳ በፎቶዎችህ ውስጥ ካለ ምክንያቱ ይህ ነው። ፎቶው የእኔ አይመስልም ያሰኘህ አንዱ ነገር ይህም ሊሆን ይችላል፤ ጠርዙን አንተ አልወሰንከውምና። ለአንድ ጥቅል ያህል፣ ደህና መስሎ ከታየህ ቦታ አንድ እርምጃ ቀርበህ አንሳ።

ከዚያ በፊት ግን አንድ የቤት ሥራ ልስጥህ። አርባ አንዱንም ጥቅል ኔጋቲቭ አውጣ። ባለ 36 ከሆኑ ወደ 1,476 ፍሬም ይሆናሉ። በመስኮት ብርሃን አንድ በአንድ እያቸው፤ በተለይ ያላሳተምካቸውን። ያሳተምካቸውን የመረጥካቸው የሌሎችን ፎቶ በለመደው ዓይንህ ስለሆነ ስለ አንተ ብዙ አይነግሩህም።

---

ዘመነኛ ዓይን | ጥቅምት 10

ከቀይ አምፖል በአክብሮት በአንድ ነገር እለያለሁ። 1,476 ፍሬም በአራት ዓመት ማለት በዓመት ከ370 ያነሰ ነው። አንድ ሠርግ ላይ በአንድ ቀን ከዚያ በላይ እናነሳለን። ዓይን የሚሰላው በድግግሞሽ ነው፤ በወር ሠላሳ ጊዜ ብቻ የሚጫን ጣት ስህተቱን የሚያውቀው ከወራት በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ ለምን እንዳነሳው ረስቶታል።

የፎቶ አንሺዋን የአይዳ ሙሉነህን ሥራ አስቡ። እ.ኤ.አ. በ2010 አዲስ ፎቶ ፌስትን የመሠረተችው እሷ ናት። ቀለም የተቀባውን ፊት፣ ደማቁን ቀይና ሰማያዊ ያየ ሰው ስሟን ሳያነብ የእሷ መሆኑን ያውቃል፤ ፎቶው በፊልም ይነሳ በዲጂታል ብሎ የሚጠይቅ ግን የለም። ወንድሜ፣ ፊልሙን ተው አልልህም። የዲጂታል ካሜራህን ወደ ጥቁርና ነጭ አዙረው፣ ከ50 ሚሊ ሜትር ሌንስ አትውጣ፣ የኋላ ስክሪኑን በፕላስተር ሸፍነው፣ ለሦስት ወር በየቀኑ አንሳ። ከዚያ ወደ ዜኒትህ ስትመለስ ምን እንደምትፈልግ ታውቃለህ።

---

የቡና ጥላ | ጥቅምት 11

እኔም የምኖረው ጅማ ነው፤ ሥራዬ ከቡና ጋር ስለሆነ አብዛኛውን ጊዜዬን የማሳልፈው ከዛፍ ሥር ነው። እስካሁን የተባለው ሁሉ ጠቃሚ ሆኖ ሳለ ስለ ብርሃን ማንም አላነሳም፤ የእኛ አገር ብርሃን ደግሞ በፊልም ሣጥን ላይ እንደተሳለው ዓይነት አይደለም።

ሣጥኑ ላይ የተጻፈው ምክር ለጠራ ፀሐይ ነው፤ ለ400 ፊልም መዝጊያው 1/500 ሴኮንድ፣ የሌንሱ ቀዳዳ ኤፍ 16 (የኤፍ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል)። በጅማ ከሰኔ እስከ መስከረም እንዲህ ያለ ፀሐይ የምናየው ስንት ቀን ነው? ደመናው ሲወርድ ጥላ የሚባል ነገር ይጠፋና ፊት ሁሉ ለስላሳ ይሆናል። በክፍት ጥላ ሥር ኤፍ 5.6 መክፈት ግድ ነው፤ ከቡናው ውስጥ ሲገባ ያም አይበቃም። በዚያ ላይ በቅጠል ውስጥ ያለፈ ብርሃን የሰውን ቆዳ ያረነጉዳል፤ ለቀን ብርሃን የተሠራ የቀለም ፊልም ይህን አያስተካክልም። ጥቁርና ነጭ ፊልም ስትጠቀም ይህ ጭንቀት ይቀራል፤ እኔ ከቡና ሥር በቀለም ማንሳት የተውኩት በዚህ ምክንያት ነው።

ሁለተኛው ነገር መለኪያው ነው። ማንኛውም ብርሃን መለኪያ የሚያየውን ሁሉ ወደ መካከለኛ ግራጫ ሊያመጣው ይሞክራል። አንዲት እናት ነጠላ ለብሳ ከበር ላይ ተቀምጣለች እንበል። የዜኒትህ መለኪያ ከፊት ለፊት ያለውን ብርሃን በጅምላ ስለሚሰበስብ ነጠላውን አይቶ «ብርሃን በዝቷል» ይልሃል፤ አንተም ታምነውና ትቀንሳለህ። ፊልሙ ታጥቦ ሲመጣ የነጠላው ጥለት ፈትል በፈትል ይታያል፤ ፊቷ ግን ጥቁር ጉድጓድ ሆኗል። እኔ የምለካው መዳፌን እሷ ባለችበት ብርሃን ውስጥ ዘርግቼ ነው፤ መዳፍ ከግራጫው በአንድ እርከን፣ ማለትም በእጥፍ ያህል፣ ስለሚበራ ከለካሁ በኋላ አንድ እርከን እከፍታለሁ። የዜኒት ኢ መለኪያ ሴል በዕድሜ ብዛት እየደከመ የሚሄድ ስለሆነም በሌላ መለኪያ ብታመሳክረው መልካም ነው።

ይህን በዝርዝር የጻፍኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ለአሥርተ ዓመታት የቀለም ፎቶ ማተሚያዎች የሚስተካከሉት ሸርሊ ካርድ በሚባል የአንዲት ነጭ ሴት ፎቶ ነበር፤ የጠቆረ ቆዳ በዚያ መለኪያ ሲታተም ዝርዝሩ ይጠፋ ነበር። በኋላ ፊልሞቹ የተሻሻሉት የቸኮሌትና የእንጨት ዕቃ አምራቾች ቡናማው ቀለም በማስታወቂያቸው ላይ አይለይም ብለው ካማረሩ በኋላ እንደነበር ተጽፏል። «የፊልም መልክ» ብለን የምንወደው ነገር አንድ ሰው አንድ ጊዜ፣ እኛን ሳያስብ፣ የወሰነው ውሳኔ ነው። ስለዚህ ፊትን ለማዳን ነጠላው እንዲነጣ መፍቀድ፣ ወይም ነጠላውን አድኖ ፊትን ለጥላ መተው የአንሺው ምርጫ ነው። ያንን ምርጫ በየጊዜው አውቀህ ብትመርጥ፣ ከሁለት ዓመት በኋላ ጓደኛህ ፎቶህን ከሌላው ይለየዋል ብዬ አምናለሁ።

---

የአዌቱ ዳር | ጥቅምት 11

ጋሼ ቀይ አምፖል፣ እህቴ የቡና ጥላ፣ ወንድሜ ዘመነኛ ዓይን፣ ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የመመልከቻውን ነገር ዛሬ ጠዋት በማስመሪያ አረጋግጫለሁ፤ የበሩን መቃን ጠርዝ ላይ አድርጌ ሳነሳ በፎቶው ላይ ከመቃኑ ወዲያ ብዙ ግድግዳ እንደሚኖር አሁን ገብቶኛል። የቤት ሥራውንም እጀምራለሁ፤ ጊዜ ይወስድብኛል።

አንድ ነገር ልጨምር። በአንድ ዓይነት ፊልም፣ በአንድ ሳምንት ያነሳኋቸውን ሁለት ጥቅሎች በሁለት የተለያዩ ቤቶች አሳጠብኳቸው፤ አንዱ ቢጫ፣ ሌላው ሰማያዊ ሆኖ መጣልኝ። የትኛው ነው እውነተኛው?

---

ከአጋሮ | ጥቅምት 12

ሁለቱም አይደሉም። የቀለም ኔጋቲቭ የሚታጠብበት ሲ-41 የሚባለው ሂደት የትም ቦታ አንድ ነው፤ በ38 ዲግሪ ለ3 ደቂቃ ከ15 ሴኮንድ። ስለዚህ ልዩነቱ በአብዛኛው የሚመጣው ከዚያ በኋላ፣ ፊልሙን ወደ ኮምፒውተር በሚያስገባው ስካነር ላይ ነው። ኔጋቲቩ ብርቱካናማ ሽፋን ስላለው መሣሪያው ወይም ባለሙያው ቀለሙን እንደ አዲስ መወሰን አለበት፤ አንዱ ሞቅ ያደርገዋል፣ ሌላው ያቀዘቅዘዋል። ከአራት ዓመት ፎቶዎችህ ውስጥ ስንቱን ቀለም አንተ የማታውቀው ሰው እንደወሰነልህ አስበው። ቢቻልህ ጥሬ ስካን፣ ማለትም ቀለሙ ያልተነካ፣ ጠይቅና ቀለሙን ራስህ አስተካክል።

እኔ በዚህ ምክንያት ቀለሙን ትቼ ጥቁርና ነጭ በቤቴ ማጠብ ጀመርኩ። አንድ ፎቶ ቤት፣ ስሙን መጥራት አያስፈልግም፣ የእህቴን የመልስ ፎቶ ኔጋቲቭ ፍሬሙን መሐል ለመሐል ቆርጦ ካስረከበኝ ወዲህ ሌላ ሰው እንዲነካብኝ አልፈልግም። መደበኛው ልክ ኤችፒ5ን ዲ-76 በሚባለው ማጠቢያ ኬሚካል፣ ሳይበረዝ፣ በ20 ዲግሪ ለሰባት ደቂቃ ተኩል ነው። በእኛ አካባቢ በእንስራ ያደረ ውሃ ጠዋት ላይ ለዚህ የቀረበ ነው፤ ቴርሞሜትር ግን አይቀርም፤ ውሃው 24 ከደረሰ ሰዓቱ ወደ አምስት ደቂቃ ተኩል ገደማ ይወርዳል። ከአምስት ደቂቃ በታች ሲሆን ኔጋቲቩ ዥንጉርጉር ሊሆን ስለሚችል ያን ቀን ባታጥብ ይሻላል። ፊልሙን ወደ ማጠቢያው ታንክ ስታስገባ ክፍሉ ድቅድቅ ጨለማ መሆን አለበት፤ ቀዩ አምፖል ለወረቀት ነው እንጂ ለፊልም አይሆንም።

---

ቀይ አምፖል | ጥቅምት 12

ከአጋሮ እውነት ብሏል። ስሜን ከዚያ አምፖል የወሰድኩ እኔም ብሆን የመጀመሪያ ፊልሜን ያቃጠልኩት በቀይ መብራት ሥር ነው።

ለዘመነኛ ዓይን አንድ ነገር ልበል። ዓይን በድግግሞሽ ይሰላል ያልከውን እቀበላለሁ። ግን ድግግሞሽ በብዛት ብቻ አይለካም፤ ወደ አንድ ቦታ መመላለስም ድግግሞሽ ነው። አሜሪካዊው ፎቶ አንሺ ሶል ላይተር ኒው ዮርክ ውስጥ በአንድ ሰፈር ከስድሳ ዓመት በላይ ኖሮ፣ ከደጁ ብዙም ሳይርቅ፣ አንዳንዴም ጊዜው ባለፈበት የቀለም ፊልም በዝናብ የረጠቡ መስኮቶችን ሲያነሳ ኖረ። ሰዎች ሥራውን በሰፊው ያወቁት በእርጅናው ነው። የሐሙስ ገበያን አንድ ጊዜ ሺህ ፎቶ ከማንሳት፣ ሃምሳ ሐሙስ ሄዶ ሃያ ሃያ ማንሳት ይሻላል ባይ ነኝ።

---

የአዌቱ ዳር | ጥር 21

ከሦስት ወር በላይ ቆይቼ ስለተመለስኩ ይቅርታ። የቤት ሥራውን ጨርሻለሁ።

አንዳንዱ ጥቅል ስለተበላሸ 1,476 አልሞላም፤ ያየሁት 1,390 ፍሬም ነው። መጀመሪያ የፈለግኩት ርዕሰ ጉዳይ ነበር፤ ገበያ ይበዛ ይሆን፣ ጅሬን ያለው የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ይበዛ ይሆን እያልኩ ቆጠርኩ፤ ከዚያ ምንም አልተገኘም። በሁለተኛው ዙር ግን የቆምኩበትን ቦታ መቁጠር ጀመርኩ። ከ1,390ው ውስጥ 212ቱ የተነሱት ከበር ላይ ሆኖ ወደ ውስጥ ነው። የልብስ ሰፊ ቤት፣ የወፍጮ ቤት፣ የሻይ ቤት ጓዳ፣ የጸጉር አስተካካይ ቤት፤ በሁሉም ውስጥ በአንድ ጎን የበሩ መቃን አለ፣ ከፊት ጨለማ አለ፣ ከዚያ ወዲያ አንድ ሰው በሥራው ላይ አለ። ከእነዚህ ውስጥ ያሳተምኩት ስድስት ብቻ ነበር። መቃኑ እንደ ስህተት ሆኖ ይታየኝ ስለነበር የቀሩትን ጥያቸው ነበር።

ለምን እንደሆነ ለማወቅ ቀናቱን ከማስታወሻ ደብተሬ ጋር አመሳከርኩ። አብዛኞቹ የክረምት ናቸው። ዝናብ ሲያገኘኝ ካሜራውን በጃኬቴ ሸፍኜ ያገኘሁት ጣሪያ ሥር እጠለላለሁ፤ ጅማ ውስጥ ደግሞ ጣሪያ ሥር የተጠለለ ሰው ከአንድ የሥራ ቤት በር ላይ መቆሙ አይቀርም። እዚያ ቆሜ ዝናቡ እስኪያባራ ወደ ውስጥ ስመለከት ኖሬያለሁ። እህቴ የቡና ጥላ ያልሽው ሁሉ እዚያ አለ፤ ደመናው ከኋላዬ እንደ ትልቅ ነጭ መጋረጃ ሆኖ ብርሃኑ በበሩ ይገባና የሰውየው እጅ ላይ ሲደርስ ያልቃል።

ችግሬ አሁን በጋ መሆኑ ነው። የሚያስጠልል ዝናብ ስለሌለ ከሰው በር ላይ ለመቆም ፈቃድ መጠየቅ አለብኝ። ባለፈው ሳምንት ከሂርማታ ገበያ አለፍ ብሎ በርጩማ ወደሚጠርቡ አንድ አባት ሄድኩ። ባለ ሦስት እግሩን የጅማ በርጩማ ከአንድ ግንድ፣ ያለ ምስማር ሲያወጡ በር ላይ ቆሜ ማንሳት እንደምፈልግ ነገርኳቸው። «በር ላይ ለምን ትቆማለህ፣ ግባ» አሉኝ። ገባሁ። ግንዱን በጉልበታቸው አጥብቀው፣ የመቀመጫውን ጎድጓዳ በመጥረቢያ ቀስ እያሉ ሲያወጡ ፍቅፋቂው ጫማዬ ላይ እስኪወድቅ ድረስ ቀረብኩ። ስምንት ፍሬም አነሳሁ። ፊልሙን በከአጋሮ ምክር ራሴ አጠብኩት፤ ስምንቱም ደብዝዘው ወጡ። ውስጡ ጨለማ ስለነበረ በኤፍ 2 ከፍቼ በ1/30 ነበር ያነሳሁት፤ ካሜራው ከዚያ በታች ያለው ጣት እስኪነሳ ድረስ ክፍት የሚቆየው ቢ ብቻ ነው፤ እጄም ተንቀጥቅጧል። በር ላይ ሆኜ ያነሳኋቸው ሁለቱ ግን ጥርት ብለው፣ መቃኑን ይዘው ወጥተዋል። ወደ በሩ ልመለስ ወይስ ውስጥ መሥራትን ልማር?

---

የቡና ጥላ | ጥር 21

ስለ 212ቱ በጣም ደስ ብሎኛል። እባክህ ሌላ ነገር ከማንሳትህ በፊት ከእነሱ ውስጥ አርባ ያህሉን በአንድ መጠን፣ በአንድ ዓይነት ወረቀት አሳትማቸው። ከበር ላይ ስትለካ መዳፍህን ወደ ውስጥ አስገብተህ ለካ፤ በሩ ላይ ያለውን ብርሃን ከለካህ ውስጥ ያሉት አባት ይጠፉብሃል።

---

ዘመነኛ ዓይን | ጥር 22

በዲጂታል ሦስት ወር ሥራ ያልኩት እኔ ነኝ፤ ኔጋቲቭ ቁጠር ያሉት ጋሼ ናቸው። የእሳቸው ምክር ይበልጥ እንደጠቀመህ አምናለሁ። የዚህ ዓመት የሠርግ ፋይሎቼን እኔም የቆምኩበትን ቦታ እየቆጠርኩ ማየት ጀምሬያለሁ።

---

ቀይ አምፖል | ጥር 22

ልጄ፣ ሁለቱንም አድርግ፤ አባትዬው ግባ ካሉህ በር ላይ መቅረት ነውር ነው። ሐሙስ ተመልሰህ ሂድ፣ ሁለቱን ጥርት ያሉትን አሳትመህም ስጣቸው።

ስለ መንቀጥቀጡ፣ ትሪፖድ ይዘህ አትግባ፤ ሥራቸውን ያውክባቸዋል። ከጨረሷቸው በርጩማዎች አንዱን እንዲያውሱህ ጠይቃቸው። ሦስት እግር ስላለው ወለሉ ጎርባጣ ቢሆንም አይወዛወዝም። ካሜራውን መቀመጫው ላይ አስቀምጠው፣ ከሥሩ መሐረብህን አጥፈህ አድርግ፣ መዝጊያውንም በጣትህ ሳይሆን በራሱ ሰዓት ቆጣሪ ልቀቀው። ከዚያ ከፍታ የሚታየው እጃቸውና ግንዱ ይሆናል። መመልከቻው ከሚያሳይህ በላይ እንደሚገባ አትርሳ፤ በሩ ከኋላቸው በየት በኩል እንደሚውል ከማንሳትህ በፊት አይተህ ወስን።